ስሙ ያው፣ ሥራው ሌላ፦ የዲ ኤንድ ዲ እትሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገጣጠሙ

ደሴ ውስጥ አምስት ሰው ለዲ ኤንድ ዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ) ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ይዞ ነው። አንዱ ስልኩ ላይ የ2014ቱን (በፈረንጅ) እትም አለው። ሌላዋ በነፃ የተለቀቀውን አዲሱን ሰነድ አውርዳለች። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ያመጣለትን የ3.5 ጥራዝ በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣም አይጠፋም። ጨዋታው እስኪሞቅ ችግር የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) «ሐረጎ ዳገት ላይ ሽፍቶች አድፍጠው ጠበቋችሁ፣ አላያችኋቸውም» ያለ ጊዜ ነው። ሁሉም «ሰርፕራይዝ ነዋ!» ይላል። ቃሉ አንድ ነው፣ በየሰው ጭንቅላት ያለው ሕግ ግን ለየቅል።

አዲስ ነገር አያጣላም። በ2024ቱ መጽሐፍ የገባውን ዌፖን ማስተሪ (የየመሣሪያውን ልዩ ብልሃት) አሮጌውን የያዘ ሰው አይቶት ስለማያውቅ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል፣ ይነገረዋል፣ ያልፋል። የሚያጣላው ስሙ ሳይነካ ውስጡ የተገለበጠ ሕግ ነው። ሁሉም አውቀዋለሁ ስለሚል መጽሐፍ የሚገልጥ የለም። ስለዚህ እትሞቹን ከዳር እስከ ዳር ከማወዳደር እነዚህን ጥቂት ቃላት ነጥሎ ማየት ይሻላል።

ለአዲስ ገቢ ብቻ፦ ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አወጡት። ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ2000፣ 3.5 የሚባለው እርማት በ2003፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው በ2014 ወጣ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የ2024ቱ ራሱን ስድስተኛ አይልም፣ የታደሰ አምስተኛ ነው የሚባለው። ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ወደ ሐረጎ እንመለስ። በሁለተኛው እትም ለሰርፕራይዝ ባለ አስር ዳይስ ይጣላል፤ 1፣ 2 ወይም 3 የወጣበት ሳያስበው ተይዟል። በ3.5 ራሱን የቻለ የሰርፕራይዝ ዙር አለ፤ ጠላቱን ቀድመው ያዩት ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ሙሉ ተራ ሳይሆን አንድ ስታንዳርድ አክሽን (አንድ ዋና ድርጊት) ነው ያላቸው። በ2014ቱ የሰርፕራይዝ ዙር የሚባል ነገር የለም፣ ምንም እንኳ ግማሹ ተጫዋች እስከ ዛሬ በዚህ ስም ቢጠራው። ሁሉም ኢኒሼቲቭ (ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነውን ዳይስ) ይጥላል፤ ሳያስበው የተያዘው በመጀመሪያ ተራው አይንቀሳቀስም፣ አክሽን የለውም፣ ያ ተራ እስኪያልፍ ድረስ ሪአክሽንም (ከተራ ውጭ የሚደረግ ፈጣን ምላሽ) አይጠቀምም። በ2024ቱ ይህ ሁሉ ተነስቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ሳያስበው የተያዘ ሰው ኢኒሼቲቩን በዲስአድቫንቴጅ (ሁለቴ ጥሎ ትንሹን በመያዝ) ይጥላል። ተራው ሲደርስ እንደማንም ይዋጋል።

ልዩነቱ የወረቀት እንዳይመስል እናስላው። አራት ሽፍቶች ክሮስቦው ይዘዋል እንበል። የባንዲት (ሽፍታ በመጽሐፉ ስሙ) ቁጥር ቀላል ነው፦ ሲተኩስ ባለ ሃያው ዳይስ ላይ 3 ይጨምራል፣ ጉዳቱ 1ዲ8+1 (አንድ ባለ ስምንት ዳይስ ሲደመር 1)፣ በአማካይ 5.5። ኢላማቸው የመጀመሪያ ሌቭል (ደረጃ) ዊዛርድ (አስማተኛ) ናት፣ ኤሲዋ (እሷን ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 12፣ ኤችፒዋ (የሕይወት ነጥቧ) 8። 9ና ከዚያ በላይ ከወጣ ይመታታል፣ ማለትም 60 በመቶ። አራቱም ቢተኩሱባት 2.4 ምት ይጠበቃል፣ ጉዳቱም 13 ገደማ። ወደቀች። በ2014ቱ ሕግ ተራዋ እስኪያልፍ ሺልድ የሚባለውን ድግምት እንኳ ማንሳት አትችልም፣ ሺልድ ሪአክሽን ነዋ። በ2024ቱ ግን ሪአክሽኗ እጇ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀስት ሲመታት ሺልድ ብትል ኤሲዋ 17 ይሆናል፣ የሽፍታው ዕድልም ከ60 ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። እንዲያውም ኢኒሼቲቩ ከቀናት ቀድማ ልትተኩስ ትችላለች።

ስለዚህ በ2014ቱ የተሰናዳን ድፈጣ በ2024ቱ ሕግ ያጫወተ ዲኤም «ምነው ቀለለ?» ይላል። በተገላቢጦሽ ያደረገው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር ዊዛርዷን ይቀብራል። አዲሱን ሕግ የሚጠቀም ዲኤም የሚረሳት አንዲት ነገር አለች፦ በ2024ቱ ተደብቆ በስቴልዝ (የመደበቅ ችሎታ) 15 ያመጣ ሰው ኢንቪዚብል (የማይታይ) ተብሎ ይቆጠራል፣ በዚህም ኢኒሼቲቩን በአድቫንቴጅ (ሁለቴ ጥሎ ትልቁን በመያዝ) ይጥላል። ሽፍቶቹ በአድቫንቴጅ፣ ተጓዦቹ በዲስአድቫንቴጅ ሲጥሉ ድፈጣው ድፈጣ ይመስላል። ይህን ዘሎ «አዲሱ ሕግ ድፈጣን ገደለው» ማለት ተገቢ አይደለም።

ድካም፣ መጽሐፉ ኤግዞስሽን የሚለው፣ ለወሎ ዳገት ታስቦ የተጻፈ የሚመስል ሕግ ነው። ተጓዦቹ ከኮምቦልቻ ተነስተው በእግራቸው ደሴ ሊገቡ ነው እንበል፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተለመደው እርምጃ በሰዓት 3 ማይል ይኬዳል። ዲኤሙ ዳገቱን ዲፊከልት ቴሬን (አስቸጋሪ መሬት) ካለው በግማሽ ወርዶ 1.5 ማይል ይሆናል፣ 2.4 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በ8 ሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዱ፤ ወደ 6 ቀራቸው። ማንም ደሴን እያየ መንገድ ላይ ማደር አይፈልግም፣ ስለዚህ ይቀጥላሉ። በ2014ቱ የግዳጅ ጉዞ ሕግ ከ8 ሰዓት በላይ ለሚጓዙት ለእያንዳንዱ ሰዓት የኮንስቲትዩሽን ሴቭ (የሰውነት ጥንካሬ መፈተኛ ዳይስ) አለ፦ ዘጠነኛው ሰዓት ሲያልቅ ዲሲ (ለማለፍ መድረስ ያለበት ቁጥር) 11፣ አስረኛው ሲያልቅ 12። አስራ አንደኛው ሳይሞላ ከተማ ስለሚገቡ ሦስተኛ ሴቭ የለም።

ሁለቱንም የወደቀ ሰው ደሴ የሚገባው ሁለተኛ ደረጃ ድካም ተሸክሞ ነው። እዚህ ላይ ነው እትሙ የሚለየው። በ2014ቱ ስድስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅጣት አላቸው፦ አንደኛው አቢሊቲ ቼክን (የችሎታ ፈተናን) በዲስአድቫንቴጅ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ፍጥነትን በግማሽ ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ጥቃትና ሴቭን በዲስአድቫንቴጅ ያደርጋል፣ አራተኛው የኤችፒን ጣሪያ በግማሽ ያወርዳል፣ አምስተኛው ፍጥነትን 0 ያደርጋል፣ ስድስተኛው ሞት ነው። በ2024ቱ ዝርዝር የለም። በእያንዳንዱ ደረጃ ከማንኛውም የባለ ሃያ ዳይስ ውጤት 2 ይቀነሳል፣ ከፍጥነት 5 ጫማ ይቀነሳል። ስድስተኛው ያው ሞት ነው።

በቁጥር እንየው። ሳይደክም 11 ካመጣ የሚመታ ተዋጊ 50 በመቶ ዕድል አለው። በ2014ቱ በሁለተኛ ደረጃ ድካም እግሩ ይጎተታል እንጂ ሰይፉ ምንም አይሆንም፣ ያው 50 በመቶ። በ2024ቱ 4 ተቀንሶበት ወደ 30 ይወርዳል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ በ2014ቱ ዲስአድቫንቴጅ ስለሚመጣ 25፣ በ2024ቱ 20 ይሆናል። አዲሱ ሕግ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ይቆነጥጣል። አሮጌው ሁለት ደረጃ ድረስ ተዋጊን ይምራል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሰብራል። ለማስታወስ አዲሱ ይቀላል፣ ሠንጠረዥ ፍለጋ መጽሐፍ አያስገልጥም። ለትረካ ግን የአሮጌው «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» የሚል ደረጃ ይጥማል። በሁለቱም አንድ ሎንግ ሬስት (የሌሊት ረጅም ዕረፍት) የሚያነሳው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፣ ሁለት ደረጃ ይዞ የገባ ሰው ደሴ ሁለት ሌሊት ያድራል።

ስለ ዕረፍት ካነሳን፣ ሾርት ሬስት (አጭሩ ዕረፍት) በአምስተኛው እትም አንድ ሰዓት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሲያልቅ ማለት ነው። በአራተኛው 5 ደቂቃ ነበር፣ በዚያ ጊዜ ቡናው ገና አይቆላም። አራተኛውን እትም እዚህ የሚጫወት ብዙ የለም፣ አልፈዋለሁ። ብቻ «ብለዲድ» የሚለው ቃሉ፣ ኤችፒው ግማሽና ከግማሽ በታች የደረሰ ማለት፣ በ2024ቱ ተመልሶ መጥቷል።

ወደ ዜሮ ኤችፒ ስንመጣ እትሞቹ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። በሁለተኛው እትም መደበኛው ሕግ አጭር ነው፦ ዜሮ ሞት ነው። እስከ -10 የሚያንጠለጥለው ሕግ አማራጭ ነበር። በ3.5 ከ-1 እስከ -9 ያለ ሰው እያጣጣረ ነው፤ በየዙሩ 10 በመቶ የመረጋጋት ዕድል አለው፣ ካልተረጋጋ 1 ነጥብ ይወርዳል፣ -10 ሲደርስ ያበቃል። በአምስተኛው ከዜሮ በታች የሚባል የለም። በየተራው ባለ ሃያ ይጣላል፣ 10ና ከዚያ በላይ አንድ ስኬት ነው፣ ከዚያ በታች አንድ ውድቀት። ሦስት ስኬት ያረጋጋል፣ ሦስት ውድቀት ይገድላል። 1 ከወጣ ሁለት ውድቀት ነው፣ 20 ከወጣ በ1 ኤችፒ ይነሳል። ወድቆ ሳለ ጉዳት ከደረሰበት አንድ ውድቀት ይጨመርበታል። ጠላት አጠገቡ ቆሞ፣ በ5 ጫማ ውስጥ ሆኖ ከመታው ደግሞ ምቱ ክሪቲካል ስለሚሆን ሁለት።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ፈውስ ላይ ነው። በ3.5 የለመደ ክሌሪክ (የቡድኑ ፈዋሽ ካህን) -6 ላይ ላለ ጓደኛው 5 ነጥብ ቢሰጠው ጓደኛው -1 ላይ ነው፣ አሁንም ወድቋል። ስለዚህ ሳይወድቅ ቀድሞ ማከም ልማዱ ነው። በአምስተኛው ያው 5 ነጥብ ከዜሮ ይቆጠራል፣ ሰውየው ተራው ሲደርስ ብድግ ብሎ ይዋጋል። ልማዱን ይዞ የመጣ ክሌሪክ ድግምቱን ገና ባልወደቀ ሰው ላይ ሲጨርስ ታያላችሁ። የፈውሱ መጠንም ተቀይሯል፦ ኪዩር ዉንድስ የሚባለው የፈውስ ድግምት በ2014ቱ 1ዲ8፣ በ2024ቱ 2ዲ8፤ ሂሊንግ ወርድ ከ1ዲ4 ወደ 2ዲ4። ሁለቱም ላይ የክሌሪኩ ሞዲፋየር (ከችሎታው የሚመጣ ጭማሪ) ይደመራል፤ 3 ከሆነ የኪዩር ዉንድስ አማካይ ከ7.5 ወደ 12 ወጣ ማለት ነው። የሚጠጣው መድኃኒት ግን በሁለቱም 2ዲ4+2 ነው፣ አማካዩ 7። የተለወጠው ጊዜው ነው፣ በ2014ቱ አክሽን ይበላል፣ በ2024ቱ ቦነስ አክሽን (በዚያው ተራ ከዋናው አክሽን በተጨማሪ የሚደረግ ትንሽ ድርጊት)። ለወደቀ ጓደኛ ማጠጣትም እንዲሁ።

ይህ ቦነስ አክሽን ሌላም ቦታ ይነካል። የፓላዲን (የተቀደሰ ተዋጊ) ዲቫይን ስማይት በ2014ቱ ምት ባረፈ ቁጥር የሚጨመር ጉዳት ነበር። በ2024ቱ ድግምት ሆኗል፣ ቦነስ አክሽን ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ፣ በዚያ ተራም መድኃኒት መጠጣት የለም። አሮጌ ፓላዲኖች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፣ እውነትም ብዙ ነው የተወሰደባቸው።

ግራፕል (ጠላትን ጨብጦ መያዝ) የሁሉም እትም ራስ ምታት ነው። ፋይተሩ (ተዋጊው) የመጀመሪያ ሌቭል፣ ስትሬንግዙ (ጉልበቱ) 16፣ ተጋጣሚው ኦግር (ትልቅ ጭራቅ) ይሁን። በ3.5 ሂደቱ ይህ ነው፦ ሊይዘው ሲጠጋ ኦግሩ የአጋጣሚ ምት ይሰነዝራል፣ ምቱ ጉዳት ካደረሰ ሙከራው እዚያው ከሸፈ። ከተረፈ በንክኪ ጥቃት መንካት አለበት፣ ይህ ቀላል ነው፣ የኦግሩ የንክኪ ኤሲ 8 ነው። ከዚያ ሁለቱም የግራፕል ቼክ ይጥላሉ፣ ፋይተሩ +4፣ ኦግሩ +12። ይህን የመጨረሻ ደረጃ የማሸነፍ ዕድሉ 16.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ወጥመዶች ሳይቆጠሩ። በ2014ቱ አንድ ውድድር ብቻ ነው፣ የፋይተሩ አትሌቲክስ (የጉልበት ስኪል) +5 ከኦግሩ +4 ጋር፣ 52.5 በመቶ። በ2024ቱ ያዡ ዳይስ አይጥልም። ኦግሩ ሴቭ ይጥላል፣ ዲሲው 8 + የስትሬንግዝ ጭማሪ 3 + ፕሮፊሸንሲ (የልምድ ጭማሪ) 2፣ ማለትም 13። ኦግሩ +4 ስላለው የሚያዘው 40 በመቶ ነው።

በዚህ ለውጥ የከሰሩት ተዋጊዎች ብቻ አይደሉም። የአትሌቲክስ ጭማሪያቸውን በኤክስፐርቲዝ እጥፍ ያደረጉ ሮጎችና (ሌቦች) ባርዶች (አዝማሪዎች) በ2014ቱ እንደ ኦግር ያለ ትልቅ ፍጡር ሳይቀር ያንቁ ነበር። አሁን ለመያዝ ስኪል አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ለማምለጥ ነው። በምትኩ የተያዘው ፍጡር ከያዘው ሰው በቀር ሌላውን ሲመታ በዲስአድቫንቴጅ ነው፣ ይህ በ2014ቱ አልነበረም።

አሁን የ1990ዎቹን አድቬንቸር (ተዘጋጅቶ የታተመ የጨዋታ ታሪክ) አውርዶ በአዲስ ሕግ ለማጫወት ለሚፈልግ። የሁለተኛው እትም ታኮ (ኤሲ 0ን ለመምታት ዳይሱ ላይ መውጣት ያለበት ቁጥር፤ ያኔ ኤሲ ሲያንስ ነበር የሚሻለው) የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ የመቀነስ ሒሳብ ነው። አምስተኛ ሌቭል ፋይተር ታኮው 16 ነው፣ የኦግር ኤሲ 5 ነው፣ 16 ሲቀነስ 5፣ 11 ማምጣት አለበት። ወደ አዲሱ ለማዞር ሁለቱንም ከ20 ቀንሱ፦ ታኮ 16 የ+4 ጭማሪ ይሆናል፣ ኤሲ 5 ደግሞ 15። 4 ተደምሮ 15 ለመድረስ ያው 11 ነው። ሒሳቡ ይገጥማል፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተውም። ኤሲውን አዙሮ ጨረስኩ ይላል።

ያልዞረው ኤችፒው ነው። ኦግር በሁለተኛው እትም በአማካይ 19 ኤችፒ ነበረው፣ በ3.5 29፣ በ2014ቱ 59። ኤሲው ደግሞ በ3.5 16 የነበረው በ2014ቱ 11 ሆነ። ጨዋታው ሲቀየር ኦግሩ በቀላሉ የሚመታ፣ ግን ቶሎ የማይሞት ሆነ ማለት ነው። ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) ደግሞ አምስተኛ ሌቭል ዊዛርድ ሲተኩሰው በሁለተኛውና በ3.5 5ዲ6፣ አማካዩ 17.5፤ በአምስተኛው 8ዲ6፣ አማካዩ 28። ኦግሩ ሴቩን ከወደቀ በሁለተኛው እትም ሊሞት ምንም አይቀረውም፣ በአዲሱ ግማሹም አልተነካ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ቁጥር አታዙሩ። አድቬንቸሩ ላይ «ኦግር» ካለ ከምትጫወቱበት መጽሐፍ ኦግርን አውጡና አስገቡ፣ ከዚያ ብዛቱን ቀንሱ። የድሮ ደራሲ ስድስት ኦግር አንድ ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጥ 114 ኤችፒ ነበር ያስቀመጠው፣ በ2014ቱ 354 ይሆናል።

ፋየርቦል ላይ አንድ ተጨማሪ። በሁለተኛው እትም እሳቱ 33,000 ኩቢክ ጫማ ቦታ ይሞላል። ከዓለት በተፈለፈለ፣ ወርዱም ቁመቱም 10 ጫማ በሆነ ዋሻ ውስጥ ብትለቁት 330 ጫማ ርዝመት ይፈልጋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ 165፣ ወደ 50 ሜትር ማለት ነው። ተኳሹ ራሱ ይቃጠላል። ከ3ኛው እትም ወዲህ 20 ጫማ ሬዲየስ ብቻ ነው፣ ጠባብ ቦታ ወደ ኋላ አይገፋውም። ከድሮ እትም የመጣ ተጫዋች ዋሻ ውስጥ ፋየርቦል አልተኩስም ቢል ፈሪ አይደለም።

ገጸ ባሕርይ ስትሠሩ ደግሞ አቢሊቲ ስኮር (እንደ ስትሬንግዝ ያሉ የችሎታ ቁጥሮች) ላይ ተጠንቀቁ። በ2014ቱ ጭማሪው የሚመጣው ከሬስ (እንደ ኤልፍ ያለ ዘር) ነው፣ በ2024ቱ ከባክግራውንድ (የገጸ ባሕርዩ የቀድሞ ኑሮ)። የ2014ን ኤልፍ ከ2024 ባክግራውንድ ጋር ያጣመረ ሁለቴ ይደምራል። የ2024ን ኤልፍ ከ2014 ባክግራውንድ ጋር ያጣመረ ጭራሽ አያገኝም። መፍትሔው በ2024ቱ መጽሐፍ ተጽፏል፦ ከአሮጌው ሬስ የመጣው ጭማሪ ይሰረዛል፣ አሮጌው ባክግራውንድ ላይ ለአንዱ 2፣ ለሌላው 1፣ ወይም ለሦስት አንድ አንድ ይጨመራል።

አምስተኛው እትም ሁለት ነፃ ሰነድ አለው፣ 5.1 እና 5.2። 5.1 የ2014ቱ ነው፣ ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። 5.2 የ2024ቱ ነው፣ በ2025 ወጣ። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ማተምም ወደ አማርኛ መመለስም ይፈቀዳል። ሁሉንም አታትሙ። የኮንዲሽን (እንደ ድካም ያሉ ሁኔታዎች) እና የአክሽን ገጾችን ብቻ ከአንዱ መርጣችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ውሰዱና ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋና የስልክ ባትሪ ሲያልቅ የሚያገለግለው እሱ ነው፣ ክርክርም ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው።

ባለ ሃያ ዳይስ ከሌለ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። አንዴ ጣሉ፣ 6 ከወጣ ድገሙ፣ ከ1 እስከ 5 ያገኛችሁትን ያዙ። ሁለተኛ ጣሉ፣ 5 ወይም 6 ከወጣ ድገሙ። ከሁለተኛው 1 ቀንሳችሁ በ5 አባዙና የመጀመሪያውን ደምሩ፦ መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 4 ከወጣ፣ 3 በ5 ሲባዛ 15፣ ሲደመር 3፣ 18። ሦስት ዳይስ በአንዴ ጥሎ መደመር አይሆንም። ባለ ሃያ ላይ 20 ከሃያ አንዴ ይወጣል፣ በሦስት ዳይስ ግን ትልቁ 18 ከ216 አንዴ ነው።

ከዚህ የሚፈጥነው ቆርኪ ነው። ሃያ ቆርኪ ውስጡ ላይ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፉና ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ለአድቫንቴጅም ለዲስአድቫንቴጅም የመጀመሪያውን መልሳችሁ ካልሲውን ናጡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አውጡ። ሳትመልሱ ካወጣችሁ ሁለት ጊዜ 1 ወይም ሁለት ጊዜ 20 የሚባል ነገር አይኖርም። መክፈቻ መሃሉን ያጎበጠው ቆርኪ ደግሞ በጣት ይታወቃል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ 20 ቁጥር የቱ እንደሆነ ጠረጴዛው ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ሃያውንም በመዶሻ ጠፍጥፏቸው።